አዲሱን ጌም የሰደብኩበት ዓመት

ስለ እድሳት ከእኔ ጋር ባትከራከሩ ይሻላችኋል። ላሊበላ ውስጥ ሃያ ዓመት በአስጎብኚነት ሠርቻለሁ። ድንጋይ ሲጠገን አይቻለሁ፤ ተጠገነ ተብሎ ሲበላሽም አይቻለሁ። የጥሩና የመጥፎ ጥገናን ልዩነት ለፈረንጅ በሦስት ቋንቋ ሳስረዳ ኖሬያለሁ። ስለዚህ ባለቤቴ ትሕትና አንድ ቀን ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትመለስ «ደጀን፣ ግንቡ ታድሶ ወጣልህ!» ብላ በፍላሽ ይዛልኝ ስትመጣ፣ ገና ሳልከፍተው ፍርዴን ሰጥቼ ነበር።

«ግንቡ» የምንለው የድሮ የኮምፒውተር ጌም ነው። ገበሬ ታሰማራለህ፣ እንጨት ታስቆርጣለህ፣ ወርቅ ታስቆፍራለህ፣ ግንብ ትሠራለህ፣ ጦር ታሰለጥናለህ። ባላጋራህም በዚያው ሰዓት ይህንኑ ያደርጋል፤ ተራ መጠበቅ ብሎ ነገር የለም። የቀደመ የሌላውን ግንብ ያፈርሳል። እኔና ጓደኛዬ በእውቀቱ የጀመርነው ተማሪ ሳለን፣ ከተማው ውስጥ ኮምፒውተር የሚያከራይ ቤት አንድ ብቻ በነበረበት ጊዜ ነው። ቤቱ ሲዘጋ ሁለቱን አሮጌ ኮምፒውተሮች ገዛኋቸውና ከዕደ ጥበብ ሱቄ ጓዳ በአንድ ገመድ አገናኘኋቸው።

በእውቀቱ ዛሬ ቄስ ነው። ገነተ ማርያም ያገለግላል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ላሊበላ ይመጣና ሸምቶ ሲጨርስ ወደ ሱቄ ጎራ ይላል። ሰው ፊት መስቀላቸውን ተሳልሜ «አባ፣ እንደምን ሰነበቱ» እላቸዋለሁ። የጓዳውን መጋረጃ ካለፍን በኋላ ግን «አንተ ሌባ፣ ዛሬ አታመልጠኝም!» ነው። እሱም ጥምጥሙን አውልቆ ምስማር ላይ ያንጠለጥልና ፈረሰኛ ጦሩን ይለቅብኛል።

ወደ አዲሱ ልመለስ። ከፈትኩት፤ ጠላሁት። በአሮጌው በአንድ ጊዜ ማዘዝ የምትችለው ዘጠኝ ወታደር ብቻ ነበር። አሁን መቶውንም ባንድ ጊዜ ትነዳለህ። በአሮጌው ሥራውን የጨረሰ ገበሬ ዝም ብሎ ይቆማል፤ እሱን ፈልጎ ማግኘት ዋናው ችሎታ ነበር። አሁን ገበሬው ራሱ ሥራ ይፈልጋል! የወታደሮቹ ፊት ቅቤ የተቀቡ ይመስል ያብለጨልጫል። ያ የምናውቀው መለከት ቀርቶ አርባ ሰው የሚጫወተው ሙዚቃ ገብቷል። ከሁሉ ያናደደኝ ግን አንድ ቁልፍ ነው። እሱን ስትጫነው ፊደሉ ሁሉ ያድጋል፣ እያንዳንዱ ጦር ዙሪያውን በወፍራም ቀለም ይከበባል፣ አደጋ ሲመጣ ደግሞ «በሰሜን በኩል ጠላት!» እያለ የሚጮህ ድምፅ አለ።

አራት መቶ የድሮ ተጫዋቾች ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ አለን። ይህን ሁሉ እዚያ ጻፍኩት። ብዙ ሰው አጨበጨበልኝ። አንድ የሐዋሳ ልጅ «ሽማግሌ፣ ዘመኑ አልፎብሃል» አለኝ፤ እኔም አልተኛሁለትም፣ የሚገባውን ሰጠሁት።

በዚያ ሳምንት ቅዳሜ በእውቀቱ ሲመጣ ንዴቴ ገና አልበረደም ነበር።

«ፊደሉን የአውራ ጣት ያህል ያደርገዋል እኮ!» አልኩት። «ወታደሩን በቀይ ያጥረዋል። ይህን የሚፈልግ ዕውር ብቻ ነው!»

በእውቀቱ ጥምጥሙን ምስማሩ ላይ ሰቀለ። ከዚያ «በል አሮጌውን ክፈትና ሁለት ወንዝን አድርገው» አለኝ።

ሁለት ወንዝ ከጌሙ አርባ ካርታዎች አንዱ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእሱ በቀር ሌላ አልጫወትም ብሎኝ ነበር፤ በዚያ ላይ እዚያ ካርታ ላይ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው እሱ ነው። የዚያን ቀን አንገሸገሸኝ።

«ዛሬ ሌላ ነው» አልኩት።

«ተው እንጂ ደጀን።»

«ፈራህ?»

መልሱን ሳልጠብቅ ሌላ ካርታ ከፈትኩ። በእውቀቱ ገበሬዎቹን ወደ ገደል ልኮ አስቆማቸው። ጦሩ ማንም የሌለበትን ጫካ ሲዞር ዋለ። በሰባት ደቂቃ ግንቡን አፈረስኩትና ሳቄን ለቀቅኩት። «ኧረ ቄሴ! ወርቁ አጠገብህ እኮ ነው፣ አይታይህም እንዴ?» አልኩት።

ተነሳ። ጥምጥሙን ቀስ ብሎ ጠመጠመ፤ ሳይባርከኝ ወጣ።

በቀጣዩ ቅዳሜ አልመጣም። ከዚያ በኋላ ባለውም አልመጣም። «አኩርፎ ነው» አልኩ ለትሕትና። «ማሸነፍ ብቻ ለምዶ!»

«ሂድና ይቅርታ ጠይቀው።»

«በምን? በማሸነፌ?»

ትሕትና ወደ ደብተር እርማቷ ተመለሰች።

በአምስተኛው ሳምንት አንዲት የፖላንድ መምህርት ይዤ ገነተ ማርያም ሄድኩ። እዚያ እንግዳ ሲመጣ የሚደረገው የታወቀ ነው፤ ቄሱ የብራና መጽሐፍ አውጥተው ሥዕሉን ያሳያሉ፣ ጥቂት ያነቡና አስጎብኚው ይተረጉማል። ያን ዕለት ተረኛው አባ በእውቀቱ ነበሩ። መስቀል ተሳለምኩ፤ ስለ ቅዳሜዎቹ አንዳችን እንኳ አላነሳንም። እንግዳዬ አንዱን ገጽ በጣቷ አመለከተችና «እዚህ ምን ይላል?» ብላ ጠየቀች። እሳቸው ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው በዚያ ባማረ ድምፃቸው ማንበብ ጀመሩ።

ልጅ ሆኜ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቻለሁ። ግዕዝ ጠንቅቄ አላውቅም፤ የብራና ፊደል ግን አይጠፋብኝም። አፋቸው የሚናገረው አንድ ጻድቅ የሞላ ወንዝ ሲሻገሩ ስለሆነው ነው። ከጣታቸው ሥር ያለው ገጽ ግን ከላይ በቀይ ቀለም የተጻፈበት ስለ አንዲት መበለትና ስለ ጎተራዋ ነበር። ቆይተው ገጹን ገለጡ፤ የገለጡት ግን ጣታቸው ገና የገጹ መሐል ላይ ሳለ ነው። ድምፃቸው አንዲት ቦታ እንኳ አልተደናቀፈም። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ያውቁታል፤ የተከፈተው የት ጋ እንደሆነ ብቻ ነው ያላዩት።

እንግዳዬ ወደ እኔ ዞረች። ወንዙን ተረጎምኩላት። መበለቲቱን ተውኳት።

ስንሰናበት መስቀሉን ለመሳለም ጎንበስ አልኩ። እጃቸው ግንባሬን በዳበሳ ነው ያገኘው። ያን ጊዜ ሁለት ወንዝ ትዝ አለኝ። ለካ ካርታውንም በቃሉ ነበር የሚጫወተው! ወርቁ የት እንዳለ፣ መሻገሪያው በየት በኩል እንደሆነ፣ የትኛው ቁልፍ ከየትኛው በኋላ እንደሚጫን ሁሉ በቃሉ ይዞት፣ እያየ እንደሚጫወት ሰው ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ሁለት ዓመት አሸነፈኝ። እኔ ደግሞ በገዛ ቤቴ፣ ፊቱን እያየሁ፣ «ይህን የሚፈልግ ዕውር ብቻ ነው» ብዬዋለሁ። መኪናው ውስጥ እንግዳዬ ስለ ሥዕሎቹ ስትጠይቀኝ ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም። አፍሬ ነበር።

ማታ ለትሕትና ነገርኳት። መጀመሪያ አለቀሰች፤ ቀጥሎ ሰደበችኝ። ከዚያ ላፕቶፗን ከሳሎናችን ትልቁ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘች፣ ከእህቷም ሌላ ላፕቶፕ ለእኔ ተዋሰችልኝ። አዲሱን ግንብ ጫነችና ያን የሰደብኩትን ቁልፍ ተጭና ፊደሉን እስከ መጨረሻው አሳደገችው። «በል አሁን አንተ አምጣው» አለችኝ።

እንዴት ብዬ? «ዓይንህ መድከሙን ደርሼበታለሁ» ካልኩት ዳግም ቤቴ አይመጣም፤ በእውቀቱን አውቀዋለሁ። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው። ግሩፑ ላይ «ስለ አዲሱ የተናገርኩት ስህተት ነው» ብዬ ጻፍኩ። አራት መቶ ሰው ሳቀብኝ። የሐዋሳው ልጅ ልቡ እስኪፈርስ ሳቀ። በማግስቱ ገነተ ማርያም ወጣሁና ከቅዳሴ በኋላ ብቻውን አገኘሁት።

«ተሳስቻለሁ። አዲሱ ይሻላል» አልኩት።

«ማ? አንተ?» አለኝ። «አሞሃል?»

«ግሩፑ ላይም ጽፌዋለሁ፤ ልጆቹን ጠይቅ።»

ሳቀ። ሲስቅ እንደ ድሮው ትከሻው ይንቀጠቀጣል። «ቅዳሜ እመጣለሁ» አለኝ።

መጣ። ሳሎን ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀመጥነው። ሁለት ወንዝን ልከፍትለት ስል በእጁ ከለከለኝ፤ «ቆይ» አለና ስክሪኑን ረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«ደጀን፣ ገበሬዎቹ ባርኔጣ አድርገዋል እንዴ?»

«ድሮም ነበራቸው» አልኩት።

«አዎ» አለ በእውቀቱ። «ረስቼው ነበር።»

ትሕትና ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣች።

«ከመቼ ጀምሮ አወቅህ?» አለኝ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

«ከመበለቲቱ ጀምሮ። ወንዙን ስታነብልን ገጹ የመበለቲቱ ነበር።»

«ለእንግዳዋስ ምን አልካት?»

«አንተ ያልከውን።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሁሉንም ነገረኝ። ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ መጀመሪያ ጉም መሰለው፣ ኋላ ጉሙ አልገልጥ አለ። ለሚስቱ እንኳ አልነገረም። «ከመቅደስ ያስቀሩኛል ብዬ ፈራሁ» አለኝ። «መቀደስ ካቆምኩ ምን እሆናለሁ? እስካሁን በቃሌ ነው የያዝኩት። ግን ጽዋውን ባደናቅፍስ እያልኩ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

«ደሴ የዓይን ሐኪም አለ።»

«ጠፍቷል ቢለኝስ? አሁን እኮ ቢያንስ አላውቅም።»

የመጣልኝን ተናገርኩ። «ጠፍቷል ካለህ ሁለት ወንዝን እንጫወታለን» አልኩት። «እስክናረጅ እሱን ብቻ። ሌላ ካርታ ብከፍት ከሰው አትቁጠረኝ።»

ዝርዝሩን ወርዶ አንድ አዲስ ካርታ ከፈተ። «መጀመሪያ ይቺን ልጨርስህ» አለና ማውሱን ያዘ። በሕይወቱ አይቶት በማያውቀው ካርታ ላይ፣ በዚያ በሰደብኩት ቀለም እየተመራ፣ ያ የሰደብኩት ድምፅ «በሰሜን በኩል ጠላት!» እያለ እያሳበቀብኝ፣ በአርባ ደቂቃ ግንቤን ድንጋይ በድንጋይ አፈረሰው። እንደዚያ ቀን ተሸንፌ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሲጨርስ «ሰኞ እንሂድ» አለኝ።

ሰኞ ሄድን። ሐኪሟ የዓይን ሞራ ነው አለች፤ በዚህ ዕድሜ ብዙም አይደለም እንጂ ያጋጥማል፣ ይወጣል፣ ደህና አድርጋችሁ መጣችሁ አለች። ቀኙን ያን ሳምንት ሠራችለት፤ ግራውን ከሁለት ወር በኋላ። እግዚአብሔር ይመስገን።

ከሁለተኛው በኋላ በመጣበት ቅዳሜ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩለት። በጥቁር መነጽሩ ሥር ፊቱን አጨማደደ። «ምንድን ነው እንዲህ የሚንቦገቦገው? እነዚህ ሰዎች ፊታቸውን ምን ተቀብተው ነው?» አለኝ። እኔ አዲሱን ደግፌ ስከራከር፣ እሱ አሮጌውን ደግፎ ሲከራከር አንድ ሰዓት አለፈ። ትሕትና ሁለታችንንም ታዘበችን።

በመጨረሻ «ለመሆኑ» አለኝ በእውቀቱ፣ «ያን ፊደል የሚያሳድገውን የሠራው ማን ነው? በጸሎት ላስበው እፈልጋለሁ። ስም ስጠኝ።»

ማንም እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም። ትሕትና ግን መጨረሻው ላይ የሠሪዎቹ ዝርዝር እንዳለ አወቀችና ከፈተችው። ስሞቹ ከታች ወደ ላይ ይወጡ ጀመር፤ በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው፣ ያ ቁልፍ እነሱ ላይ አይሠራም፣ የጤፍ ፍሬ ያህል ናቸው። መነጽሬን ፍለጋ ኪሴን መዳበስ ያዝኩ።

«ተወው» አለኝ። «እኔ አነበዋለሁ።»

ጥቁሩን መነጽር አወለቀ። ከቴሌቪዥኑ ሦስት ክንድ ርቆ ቆመ፤ የሚወጣውን የሥራ ስም ሁሉ በሹክሹክታ እየጠራ አሳለፈው፤ ሥዕል የሣሉ፣ ሙዚቃ የሠሩ፣ ገንዘብ ያዥ። ከዚያ «ይኸው!» አለ። ለማየት ለሚቸገሩ የሠሩ ይላል፤ ሦስት ስም። ሦስቱን በተሰባበረ እንግሊዝኛው፣ ፊደል በፊደል፣ አንዱንም ሳይዘል አነበባቸው። እኔ ስሞቹን ማየት አቃተኝ፤ እያለቀስኩ ነበር፣ አልደብቅም።

ስሞቹን በወረቀት ጻፈና ኪሱ ከተታቸው። የምናገረው ሲጠፋኝ መከራከር ልማዴ ነው። «የክርስትና ስማቸውን ሳታውቅ እንዴት አድርገህ ነው የምታነሳቸው?» አልኩት።

«እሱ ያውቃቸዋል» አለኝ። «አንተ ብቻ ዝም በል።»