ባትሪ የማይፈልገው ነጥብ

አብዱልሐሚድና ተኽለሚካኤል አብረው አደን መውጣት ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል፤ ከአንድ ወፍ ግን በልተው አያውቁም። አብዱልሐሚድ ራሱ «ቢስሚላህ» ብሎ ያልመታውን አይበላም። ተኽለሚካኤልም «በስመ አብ» ያልተባለበትን ሥጋ ቤቱ አያስገባም። ስለዚህ ከቶርንተን ከተማ በስተሰሜን ባለች አንዲት የገበሬ ኩሬ ዳር፣ ሸምበቆው ውስጥ ሲቀመጡ መካከላቸው አንድ እንጨት ይተክላሉ። ከእንጨቱ በስተቀኝ የሚመጣው ዝይ የአብዱልሐሚድ ነው፤ በስተግራ የሚመጣው የተኽለሚካኤል።

አንድ ቅዳሜ ይህ ሥርዓት ፈረሰ። አብዱልሐሚድ ዓይኑ ደከም ካለ ወዲህ ሾትገን ጠመንጃው ላይ ማነጣጠሪያ አስገጥሞ ነበር። በትንሿ መስታወት ውስጥ ቀይ ነጥብ ይታያል፤ ነጥቡን ዝይዋ ላይ አሳርፎ መተኮስ ነው። ያን ቀን ንጋት ላይ ብርዱ የማነጣጠሪያውን ባትሪ ገደለው። ነጥቡ ጠፋ፣ እሱም በግምት ተኮሰ። ተኩሱ እንጨቱን ተሻግሮ የተኽለሚካኤልን ኮፍያ ጨርፎ አለፈ።

«ድርሻዬን ልትበላ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ ተኽለሚካኤል። ከንፈሩ ግን አመድ መስሎ ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አውሮራ ከተማ፣ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ወዳለ የጠመንጃ ሱቅ አብረው ሄዱ። አብዱልሐሚድ ታክሲውን በረዶ የሸፈነው ግቢ ውስጥ ፓርክ አደረገና ሞተሩን አጠፋ።

«የምተማመንበት ማነጣጠሪያ ካላገኘሁ ሁለተኛ አጠገብህ ጠመንጃ አልይዝም።»

«አሪፍ ነው። ዝይው በሙሉ የእኔ ሊሆን ነዋ!»

«አልቀለድኩም፣ ተኽሌ። ልገድልህ ነበር እኮ።»

«ኮፍያዬን ነው የገደልከው። በል ውረድ፣ በረደኝ።»

ሻጩ ነጭ ጢሙን ያሳደገ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። ባትሪ የሌላቸውን ማነጣጠሪያዎች ጠረጴዛው ላይ ደረደረላቸው። ጠመንጃ ወደ መስኮት ማዞር ክልክል ስለሆነ መስታወቱን ብቻ በእጅ ይዞ ማየት ይቻላል። የመጀመሪያው ከላዩ ቀጭን ክር ተጠምጥሞበታል፤ ክሩ የቀኑን ብርሃን ይሰበስብና ነጥቡን ያበራል። አብዱልሐሚድ ወደ ጓዳው ሲያዞረው ነጥቡ ታየ። ወደ ውጭ፣ በረዶው ላይ ሲያሳርፈው ሟሟ።

«ብርሃኑን የሚወስደው አንተ ካለህበት ነው» አለ ሻጩ። «አንተ ጥላ ውስጥ፣ ዒላማህ ፀሐይ ላይ ከሆነ ይከዳሃል።»

ሁለተኛው ክር የለውም፤ ውስጡ የታሸገ ጋዝ ለዓመታት በራሱ ያበራል። እሱም መስኮቱ ጋ ሲደርስ ጠፋ። ሦስተኛው ክሩም ጋዙም አለው። ይሻላል፤ በረዶው ላይ ግን ነጥቡ እንደ ቀጭን ሻይ ገረጣ። አብዱልሐሚድ ራሱን ነቀነቀ።

መደርደሪያው ጥግ ላይ ሌላ አንድ ነበር። አነሳው።

ነጥቡ ክብ፣ ጥርት ያለ፣ ባለፈው ቅዳሜ ብርዱ ያጠፋውን ዓይነት ቀይ ነበር። ወደ ጓዳው አዞረው፤ አለ። በረዶው ላይ አሳረፈው፤ አለ። ፀሐይ በሚያንጸባርቅ የመኪና መስታወት ላይ እንኳ አልደበዘዘም።

«ይሄ ነው! እየው ተኽሌ!»

ተኽለሚካኤል ተቀብሎ አየ። በእጅጌው ወለወለና ደግሞ አየ።

«ምኑን ነው የማየው?»

«ነጥቡን ነዋ!»

«የምን ነጥብ? እኔ የሚታየኝ ታክሲህ ነው። ደግሞ መታጠብ አለበት።»

ሻጩ ከእጁ ወስዶ ገለበጠው። «ይቅርታ፣ ይሄ ለማሳያ ብቻ ነው። ቅርፊት ነው፤ ውስጡ ምንም የለም።»

አብዱልሐሚድ እጁን ዘረጋና መልሶ ወሰደው። ነጥቡ አለ። መስታወቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ነጥቡ ግን አልወረደም። ግድግዳው ላይ ነበር፤ ወደ በሩ ሲዞር በሩ ላይ ቀድሞት ደረሰ። ተኽለሚካኤልን ሲያየው ከጃኬቱ ዚፕ ጎን፣ ልቡ ላይ አረፈ።

«ምን ሆንክ? ፊትህ ተለወጠ።»

«እስቲ ወደዚያ ፈቀቅ በል።»

ተኽለሚካኤል ፈቀቅ አለ። ነጥቡም አብሮት ፈቀቅ አለ። አብዱልሐሚድ ዓይኖቹን ጨፈነ። በጨለማው ውስጥ ከነጥቡ በቀር ምንም አልነበረም።

ምንም ሳይገዙ ወጡ። እየሄዱ ሳለ አብዱልሐሚድ ሱቁ ውስጥ ያየውን ሁሉ ነገረው። «ስኳር በሽታ ይሆናል፣ ተመርመር» አለ ተኽለሚካኤል። በማግስቱ የዓይን ሐኪም በመብራት መርምሮት ዓይንህ ንጹሕ ነው አለው። ይህን ሲናገር ነጥቡ የሐኪሙ ጉሮሮ ላይ ነበር።

በቀጣዩ ቅዳሜ ንጋት አብዱልሐሚድ ኩሬው ዳር ባዶ እጁን መጣ።

«ጠመንጃህስ?»

«አልይዝም ብዬህ የለ።»

«እና ምን ልትበላ ነው?»

«አንተን አጅቤ እመለሳለሁ።»

እንጨቱን ተክለው በየጎናቸው ተቀመጡ። ሰማዩ ሲገረጣ ዝይዎቹ ከቀኝ መጡ። ተኽለሚካኤል ጠመንጃውን አላነሳም፤ ያ ወገን የእሱ አይደለም። «ያንተ ናቸው» ብሎ በልማድ አንሾካሾከ። ነጥቡ በሰልፉ ላይ አንድ በአንድ አለፈና መጨረሻዋ ላይ ቆመ። የአብዱልሐሚድ ከንፈር በልማድ «ቢስሚላህ» አለ።

ዝይዋ ክንፏን አጥፋ ወደቀች። ተኩስ አልተሰማም።

«ተኮስክ እንዴ?» አለ ተኽለሚካኤል።

«በምን?»

ተኽለሚካኤል ጠመንጃውን አስቀምጦ በሸምበቆው መካከል ሄደ። ዝይዋን በእግሯ አንጠልጥሎ ላባዋን ገላልጦ አየ። «ደም የላትም! አንድም ቀዳዳ የለም!» ብሎ ከሩቅ ጮኸ። «በክት ናት፤ ላንተም ለኔም አትሆን!» ከዚያ እንዳንጠለጠላት ፊት ለፊት ይመጣ ጀመር።

ነጥቡ ዝይዋን ለቀቀ። በተኽለሚካኤል ክንድ ላይ ወጣ፤ ጃኬቱ ላይ ደረሰ።

አብዱልሐሚድ ዝይዋን የጣላት ነጥቡ ይሁን ቃሉ አላወቀም። አንድ ነገር ግን ያውቃል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ በደነገጠ ቁጥር ምላሱ ሳያዝዘው ያንኑ ቃል ይላል። አሁንም ደንግጧል። በአንድ እጁ አፉን ግጥም አድርጎ ያዘ። በሌላው እጁ፣ መዳፉን ወደ ታች አድርጎ፣ እዚያው ዝቅ በል፣ ተቀመጥ ለማለት ደጋግሞ አመለከተ።

ምልክቱ ለተኽለሚካኤል ግን አገር ቤት በእጅ እንደሚጠራሩት «ቶሎ ና» ማለት ነበር። ዝይዋን ጥሎ ሮጠ።

አብዱልሐሚድ አፉን እንደያዘ በግንባሩ ተደፋ፤ ፊቱን በረዶ የለበሰው ጭቃ ውስጥ ቀበረ። ቀዩ ነጥብ ጭቃው ላይ፣ ከዓይኑ ሥር ነበር። የተኽለሚካኤል ቦት ጫማ በረዶውን እየሰበረ ቀረበ፤ ከዚያ ትንፋሽ አጥሮት እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈ።

«አብዱል፣ ምን ነካህ? ቀና በል እንጂ። እየኝ።»

ቀና አላለም፤ አፉንም አለቀቀም።