ለእንግዶች የተነቀለ ጫት

መምህር ነቢዩ ዘግይቶ ለራሱ የተናዘዘው ስሕተት ይህ ነበር፤ አብዱልቃዲር ጫቱን ከሥሩ የነቀሉት ተራራውን ስለወደዱ መስሎት ኖረ።

በጭሮ ጂኦግራፊ ሲያስተምር የሸበተው ይህ መምህር፣ የሰው ልጅ ያላየውን አይወድም፣ ያየውን ግን ሳይወድ አይቀርም የሚል እምነት ነበረው። ከየትኛው መጽሐፍ እንደቀሰመው ባያስታውስም እንደ ዳዊት ይደግመው ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ እሱም አልለቀቀም።

ተራራው ከከተማዋ በላይ፣ ከግርጌው ማሽላ፣ ከወገቡ የጫት እርከን፣ ከትከሻው ጽድና ኮሶ፣ ከአናቱ ደግሞ ጉም የለበሰ ነው። ጉሙ ሲገለጥ እስከ ሚኤሶ ያለው አቧራማ ቆላ፣ የባቡሩ ሐዲድና የከባድ መኪናዎቹ ሰልፍ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከኮሶው ጥላ ሥር የደጋ አጋዘን አለ፤ ከኢትዮጵያ ምድር በቀር በሌላ አገር የማይገኝ ፍጡር። ብሔራዊ ፓርክ ይሁን ተብሎ የድንበር ችካል ቢተከልም፣ ችካሉን ፍየሎች ከመታከካቸው በቀር የጎበኘው አልነበረም።

የአብዱልቃዲር እርሻ ከችካሉ ውጭ ነው፤ ያስገደዳቸው የለም። ነገር ግን ጫቱ አጋዘኖቹ ወደ ምንጩ የሚወርዱበትን መተላለፊያ ዘግቶ ነበር። ነቢዩ ሽቅብ እየወጣ ሽማግሌውን ለመናቸው። ጫቱ ተነቅሎ ኮሶ ቢተከል አጋዘኖቹ በደጃቸው እንደሚያልፉ፣ ጎብኚ ከቤታቸው በረንዳ ተቀምጦ እንደሚያያቸው፣ የእሱ ተማሪ የነበረችው ልጃቸው ኢንሳፍም አስጎብኚ እንደምትሆን ነገራቸው። አብዱልቃዲር በሒና የቀላ ጢማቸውን እየዳሰሱ አደመጡ፤ በሚቀጥለው ክረምት፣ ገበያ ላይ በራሳቸው ስም ይጠራ የነበረውን ጫት ነቅለው ኮሶ ተከሉ። የጭሮው ጫት ነጋዴ በክሪ፣ “አብዱልቃዲር አጋዘን ሊያልብ ነው” እያለ ባያቸው ቁጥር ይሣለቅ ነበር።

ኮሶው ከሰው ቁመት በለጠ። አጋዘኖቹም እንደተባለው መውረድ ጀመሩ። የቀረው ጎብኚ ብቻ ነበር።

ነቢዩ ብዙ ደጅ ጠንቶ ከአዲስ አበባ የአስጎብኚዎች ቡድን አስመጣ። ቡድኑ ተራራውን በጉዞ መስመሩ ካስገባ ሌላው ይከተላል፤ ካላስገባ ደግሞ ዳግም የሚመጣ አይኖርም። አለቃቸው እንዳሻው ሣቂታ፣ ቁመናው ያማረ ጎልማሳ ነበር። ጭሮ ገብተው ምሳ እንደበሉ፣ ነቢዩ መኪናዎቹ አጠገብ ቆሞ ሰዓቱን ማየት ያዘ።

“መምህር፣ አጋዘኑ ስንት ሰዓት ነው የሚወጣው?” አለው እንዳሻው።

“አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ። ግን ጫካው ራሱ፣ ፏፏቴው፣ ጉሬዛዎቹ…”

“ታዲያ ምን አስቸኮለን? ሐረርጌ መጥተን ሳንቅም ብንወጣ አጋዘኑ ራሱ ይታዘበናል!”

ሣቁ። የበክሪ ቤት ፍራሽ ተነጠፈ፣ የጫቱ እስር፣ ዙርባው፣ ተፈታ፣ በርጫው ደራ። ነቢዩ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ የጫቱ ውዳቂ፣ ገራባው፣ ሲከመር ያይ ነበር። ስልኩ ጮኸ።

“ቲቸር፣ የት ደረሳችሁ?” ኢንሳፍ ነበረች። “አባዬ ኮፍያውን እየለዋወጠ አላስቀምጥ አለን። ገብሱም ተቆልቶ በረደ።”

“እየመጣን ነው፣ ኢንሳፍ።”

“በጂኦግራፊ ቋንቋ፣ ቆላ ናችሁ ወይስ ደጋ?” አለች እየሣቀች። ስልኩን ዘጋው።

እንዳሻው ቀንበጡን ወደ ብርሃን አንሥቶ አገላበጠው። “ይሄ ደህና ነው። ግን ያ በአንድ ሽማግሌ ስም የሚጠራው የት ገባ? አዲስ አበባ ድረስ ይመጣልን ነበር። አቦ፣ እሱ እኮ ምርቃናው የጨዋ ነው!”

በክሪ ጉንጩን እንደወጠረ ወደ በሩ ጠቆመ። “መምህሩን ጠይቃቸው።”

ነቢዩ አንገቱን ደፋ። ሰዓቱን እያሳየ ተነሡ አላቸው።

ተራራው ላይ ሲደርሱ ፀሐይዋ ወደ አዋሽ ሜዳ አዘንብላ ነበር። ፏፏቴውን በመኪና መስኮት አይተው አለፉት። ጉሬዛዎቹ ከጽዱ አናት ላይ ነጭ ካባቸውን አንዠርግገው ሲዘሉ፣ ከእንግዶቹ አንዱ በስልኩ መልእክት እየጻፈ ነበርና ቀና አላለም። አብዱልቃዲር አዲስ ኮፍያ ደፍተው፣ በራሳቸው እጅ ከሠሩት የእንግዳ ጎጆ ደጃፍ ቆመው ጠበቁ።

“አሰላሙ ዓለይኩም! እንኳን ደህና መጣችሁ። ቤት የአላህ ነው፣ ግቡ።”

ኢንሳፍ ያጠናችውን በዝግታ ጀመረች። “ይህ ኮሶ ነው። ኮሶ ወንድና ሴት አለው። ያ ቀይ አበባ የተንጠለጠለባት ትልቋ ዛፍ ሴቷ ናት።”

“እንደ ሰው መሆኗ ነዋ!” አለ አንዱ። ሌላው፣ “ኔትወርክ ግን ጠፋ” አለ።

ያኔ አጋዘኑ ወጣ።

ከኮሶዎቹ መካከል፣ ድሮ የጫቱ እርከን ከነበረበት፣ ግርማው እንደ ጥንት መስፍን የከበደ ወንድ አጋዘን ብቅ አለ። ቀንዱ ሽቅብ ተጠማዝዞ ጫፉ ነጣ፤ በዓይኖቹ መካከል ኖራ የነካው መሰለ፤ አንገቱ ሥር ያለው ነጭ ጠጉር ከጉሙ ጋር ይመሳሰል ነበር። ቆሞ አያቸው። ነቢዩ ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረው ሁሉ አሁን እንደሚፈጸም ጠበቀ። አጋዘኑን አላየም፣ የእንግዶቹን ፊት ነበር የሚያየው።

እንዳሻው ጀርባውን ለአጋዘኑ ሰጥቶ ፎቶ ተነሣ። ምስሉን መርምሮ ደገመ። ከዚያ ዞር ብሎ አንድ ጊዜ፣ በቸርነት፣ አየው።

“ቀንዱ መቼም ያምራል። ሥጋው ይበላል?”

አጋዘኑ ወደ ምንጩ ወረደ። ከእንግዶቹ አንድም በዓይኑ የሸኘው አልነበረም። እንዳሻው ከቀዘቀዘው ገብስ እየዘገነ በረንዳው ላይ ተቀመጠ።

“ኦቦ፣ ስምዎን ማን አሉኝ?”

“አብዱልቃዲር።”

“አብዱልቃዲር!” ከተቀመጠበት ብድግ አለ። እንዲህ ያለ ደስታ አጋዘኑ አልቀሰቀሰበትም ነበር። “የጫቱ ባለቤት? ወላሂ? የት አለ ታዲያ? ጀባ በሉን እንጂ!”

“ነቅየዋለሁ፣ ልጄ።”

“ለምን?”

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አስተካከሉ። “ለእናንተ።”

እንግዶቹ ቀልድ መስሏቸው ሣቁ። አብዱልቃዲርም እንግዳ ማሳፈር ነውር ነውና አብረው ሣቁ። ሲሰናበቱ እንዳሻው የነቢዩን ትከሻ አቀፈ፤ ክፋት አልነበረበትም።

“መምህር፣ እውነቱን ልንገርህ። መንገዱ አስቸጋሪ ነው። ለአንድ አጋዘን ብሎ ይህን ሁሉ የሚመጣ የለም፤ መስመራችን ላይ አናስገባውም። ያ ጫት ቢኖር ኖሮ ግን ለጫቱ የመጣው አጋዘኑንም በዚያው ያይ ነበር።”

መኪናዎቹ ቁልቁል ሄዱ። ነቢዩ፣ ሽማግሌውና ልጅቱ በረንዳው ላይ ቀሩ። ነቢዩ የመጨረሻ መጠጊያውን ፈለገ፤ እንግዳ ባይወድ እንኳ አንድ የወደደ ሰው እዚህ አለ።

“እርስዎ ግን ይወዱታል፣ ኦቦ አብዱልቃዲር። አጋዘኑን።”

“እኔ?” አብዱልቃዲር በእውነት ተገረሙ። “ይሄ አውሬ ከልጅነቴ ጀምሮ ገብሴን ሲበላ ነው የማውቀው። ምኑን ልውደደው?”

“ታዲያ ጫቱን ለምን ነቀሉት?”

“አንተ አልከኛ! ልጄን ያስተማርክ ሰው ነህ። በርሲሳ ነህ፣ መምህር። አንተ እንግዶች ይመጣሉ ካልክ ይመጣሉ አልኩ። ስለ ተራራው ስትለፈልፍ እኔ የአንተን ፊት ነበር የማየው።”

ነቢዩ አሁን ገባው። ታምኖ ነበር። ተራራውን የሚወድ ሰው አፍርቻለሁ ባለበት፣ የታመነው እሱ ራሱ ብቻ ነበር፤ እምነቱንም ሳያየው፣ ሳያመሰግነው፣ እንደ ተራራው ድል ቆጥሮት ነበር።

“ቲቸር አልዋሸም፣ አባዬ” አለች ኢንሳፍ። የገብሱን ጎድጓዳ ሣህን እያነሣች ነበር። “ተሳስቶ ነው።”

“ልዩነቱ ምንድን ነው?” አሉ ሽማግሌው።

“የዋሸ ሰው ቢያንስ ያተርፋል።”

ኢንሳፍ ወደ ውስጥ ገባች። ነቢዩ ከዚያ ወዲያ በክፍል ውስጥ ስለ ተራራው አላነሣም። እንዳሻው ከአጋዘኑ ፊት የተነሣውን ፎቶ ብዙ ሰው ወደደለት አሉ፤ ተራራው የት እንደሚገኝ ግን የጠየቀ አልነበረም።

ክረምት ሲገባ ነቢዩ መሰላ ገበያ ወርዶ የጫት ችግኝ ገዛ፤ ችግኙን ተሸክሞ ተራራውን ወጣ። አብዱልቃዲር በመጥረቢያ፣ እሱ በዶማ ኮሶዎቹን ነቀሉ። በጉድጓዶቹ ጫት ተከሉ።