ሟቹ ይነሣ ዘንድ

የጥበብ ወዳጅ፣ የማስተዋል ባለቤት የሆንህ አንባቢ ሆይ፤ በሰው ልጅ ላይ ከተሾሙት ሥልጣናት ሁሉ የረቀቀውና የከበደው የቱ ነው ብለህ ጠይቀህ ታውቃለህን? ንጉሥ በአዋጅ ያዝዛል፣ ዳኛ በፍርድ ያስራል፣ የጦር አለቃ በነጋሪት ያስከትታል፤ ነገር ግን ያለ አዋጅና ያለ ሰይፍ፣ በተለጠፈ ጢምና በተቀባ ሸራ ብቻ፣ ከማያውቀው ሰው ዓይን እውነተኛ እንባ የሚያፈስ፣ እንባው ሳይደርቅም ሳቅን የሚያፈልቅ ማን ነው? የመድረክ አዘጋጅ ነው! ይህን ሰው ለማመስገን ገና ስነሣ ትንፋሽ አጠረኝና፣ ነገሩን በሥርዓት ልጀምር።

ማዕረጉ የደብረ ማርቆሱ ሊቅ የመሪጌታ ልሳነወርቅ ልጅ ነበር። አባቱ አቋቋም የሚባለውን ትምህርት፣ ይኸውም በማኅሌት ጊዜ መቋሚያና ጸናጽል ይዞ፣ በግራና በቀኝ ተሰልፎ፣ በለሆሳስ ተጀምሮ እየጋለ እየፈጠነ እስከ ጭብጨባና እስከ እልልታ የሚደርሰውን የመቆም ሥርዓት የሚያስተምሩ፣ በድጓቸው የጠለቁ፣ በቍጣቸውም የታወቁ መምህር ነበሩ። ልጃቸውም ትምህርቱን ሊፈጽም ጥቂት ሲቀረው፣ ከመዲናይቱ የመጣ የቴአትር ጓድ በከተማው አደባባይ መጋረጃውን ዘርግቶ ሲከፍት አየ፤ ያችም ቅጽበት ነፍሱን ማረከቻት፣ ልቡንም ይዛው ሄደች፤ በማግሥቱ በጓዱ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ ኰበለለ። መሪጌታ ይህን በሰሙ ጊዜ «መቅደስ ጥሎ ለዘፋኝ መጋረጃ የሚጐትት ልጅ አልወለድሁም» አሉ። ምርቃታቸውንም ነፈጉት።

እርሱም በእርግጥ ሥራውን መጋረጃ በመጐተት ጀመረ፤ ከዚያ ግን እንደ ተስፋ ቡቃያ ከፍ ከፍ እያለ አዘጋጅ ሆነ፤ ያውም እንዴት ያለ አዘጋጅ! ለተዋንያኑ አስቀድሞ ቃለ ተውኔቱን አይሰጣቸውም ነበር፤ በመድረኩ ግራና ቀኝ ያለ ንግግር እያቆመ፣ እያራመደ፣ እያመላለሰ፣ «ቃል ከቁመት ይወለዳል፤ መቆም ያልቻለ አይናገርም» ይላቸው ነበር እንጂ። ጋዜጦች ይህን ዘዴ «ረቂቅ የባሕር ማዶ ስልት» እያሉ አወደሱት፤ እርሱም በሆዱ ሳቀ፤ ባሕር ማዶው ዓባይ ማዶ እንደ ሆነ ማን ይጠርጥር! ሽልማት በሽልማት ላይ ተደረበለት፣ ስሙም በአገሩ ሁሉ ናኘ። የመጀመሪያውን የወርቅ ሜዳይ ለአባቱ ቢልክ ግን መልእክተኛው ይዞት ተመለሰ። ወርቁ ቢሞላም ምርቃቱ ጐደለ፤ እርሱም ይህን ጕድለት በየዋንጫው ሥር ተቀምጦ ያለቅስ ነበር።

የዓመቱ ታላቅ ሽልማት በሚሰጥበት ወራት፣ አዲሱን ተውኔቱን በትውልድ ከተማው አዳራሽ ሊያሳይ ቈረጠ፤ የሽልማቱ ዳኞችም ተከትለውት ወረዱ። ተውኔቱ ልጆቹ ይወድዱት እንደ ሆነ ለማወቅ የሞተ መስሎ ስለ ተገነዘ አንድ ባላባት የሚናገር ነው፤ በመጨረሻው ገቢር ሟቹ ከቃሬዛው ብድግ ብሎ በሐሰተኞቹ ልጆቹ ላይ ይፈርዳል። መሪጌታም ሽማግሎች ለምነዋቸው መጡ፤ ነገር ግን «ያስቀየመኝ ጊዜ እወጣለሁ» ብለው መቋሚያቸውን እንደ ያዙ በደጁ አጠገብ ተቀመጡ። ማዕረጉ ይህን አይቶ ከደስታውና ከፍርሃቱ ብዛት አንድ ነገር አሰበ፤ በተውኔቱ አልቃሽ ሆና የምትሠራውን ወይዘሮ አስረበብን፣ በልምምድ እንደ ነበረው ከመጋረጃ ኋላ ሳይሆን፣ ደረቷን እየመታች በተመልካቹ መካከል፣ በአገሩ ዜማ ሙሾ እያወረደች እንድትገባ አዘዛት። የመዲናይቱ ተመልካች ሙሾ ሲሰማ ያጨበጭባልና፣ የአገሩን ልማድ ፈጽሞ ረስቶት ነበር።

በዚያ አገር ሙሾ ሰምቶ የሚቀመጥ ሰው ወይ ደንቈሮ ነው፣ ወይ ባለ ደም ነው። አስረበብ ገና በደጁ ገብታ፣

«ደጁ ተከፍቷል፣ እንግዳው ቆሟል፤
ግቡ የሚለው ሰው ዛሬ ደክሟል»

ባለች ጊዜ፣ አዳራሹ እንደ አንድ ሰው ተነሣ! ሴቶች ነጠላቸውን በወገባቸው አሰሩ፣ ወንዶች ጋቢያቸውን አጣፉ፣ ሁሉም የየራሱን ሙት እያነሣ እየጮኸ ወደ መድረኩ ወጣና ቃሬዛውን ከበበ። አንዲት ባልቴት የሟቹን እግር አቅፋ አልለቅ አለች፤ ሟቹም ከከፈኑ ሥር ላብ አጠመቀው። አሁን ቢነሣ፣ ሕዝቡ በድንጋጤ እርስ በርሱ ይረጋገጣል፤ ባይነሣ፣ ተውኔቱ ያለ ፍርድ ይቀራል፣ ዳኞቹም ይህን ጽፈው ይሄዳሉ። መጋረጃ ይዘጋ እንዳይባል ሕዝቡ ከመጋረጃው ውስጥ ነው! ለቀስተኛን ደግሞ የሚያስቀምጥ የለም፤ የከበረ ሽማግሌ ተነሥቶ «ይብቃ» ሲል ብቻ ይቀመጣል። ማዕረጉም የከበረውን ሽማግሌ ፈለገ፤ መሪጌታ ልሳነወርቅንም በደጁ ቆመው አገኛቸው፣ ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

በጕልበቱ ወደቀ። «የኔታ» አለ፤ አባቴ ሊል አልደፈረምና፤ «ሟቹ መነሣት አለበት። ይህን ለቀስተኛ ከእርስዎ በቀር የሚያስቀምጥልኝ የለም።»

«በስተርጅና ተዋናይ ልታደርገኝ ነው?» አሉ መሪጌታ። ወደ መድረኩም ተመለከቱ። «ቅድም እነዚያን ዘፋኞችህን በግራና በቀኝ ያቆምሃቸው፣ በለሆሳስ ያስጀመርሃቸው፤ ይህን ማን አስተማረህ?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ ሌላ ማን አለኝ፣ የኔታ።»

«እኔማ ማስቀመጡንም ላስተምርህ ነበር፤ አንተ ሳትጨርስ ሄድህ!» አሉና፣ ልጃቸውን በመቋሚያቸው ገፋ አድርገው፣ ሕዝቡን እየሰነጠቁ ወደ መድረኩ ወጡ። ወለሉን በመቋሚያቸው መቱት። «ይብቃ! እግዚአብሔር ያጽናችሁ። የቀኙ በቀኝ፣ የግራውም በግራ ይቀመጥ!» አሉ። ያ ሁሉ ማዕበል እንባውን እየጠረገ ወረደ፣ በየወንበሩም ተቀመጠ። መሪጌታም ወደ ቃሬዛው ጐንበስ ብለው፣ «አንተ ደግሞ ተነሥ፤ ሥራ ፈትተህ አትተኛ» አሉት። ሟቹ ብድግ አለ! እልልታው ጣራውን አናጋው፣ ጭብጨባው ከፍርዱ ቃል በላይ ጮኸ።

የወርቁ ሽልማት ለማዕረጉ ሆነ። ነገር ግን ዳኞቹ የሕዝቡን መነሣትና መቀመጥ ሁሉ የአዘጋጁ ጥበብ አድርገው ስለ ቈጠሩት፣ «መቋሚያ ይዞ በመጨረሻ የወጣው አረጋዊ ተዋናይ ወደር የለውም» ብለው ለእርሱም ሜዳይ ጨመሩ። ማዕረጉ ሜዳዩን ይዞ፣ ርግማን እየጠበቀ፣ በፍርሃት ወደ አባቱ ቤት ገባና ነገሩን ነገራቸው። መሪጌታ መጀመሪያ ተቈጡ፤ ቀጥሎ ሜዳዩን አገላብጠው አዩት፤ ቀጥሎም ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ድረስ ሳቁ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ስቆም ማንም አልሸለመኝ፤ አንድ ቀን ከዘፋኝ ጋር ብውል ተሸለምሁ! እንግዲህ አባትና ልጅ ዘፋኞች ከሆንን ማን ማንን ይረግማል? ና፣ ልጄ፣ ጕልበቴን ሳም» አሉ።

እርሱም ሳመ። እጃቸውንም በራሱ ላይ ጭነው፣ «ያቆምኸው ይጽናልህ፤ ያስነሣኸውም ይቀመጥልህ» ብለው መረቁት። ሰውን ከመቀመጫው የሚያስነሣ ጥበብ ብዙ ነው፤ አስነሥቶ በሰላም የሚያስቀምጥ ግን አባቱ የመረቀው ብቻ ነው።