ሽማግሌ የጫነች መኪና

ድምፁን መጀመሪያ የሰማው ከደብረ ታቦር ሲወጡ፣ የከተማው ባጃጆች ገና ከኋላቸው ሳይቀሩ ነው። ቀጭ። ከፊት በግራ በኩል፣ ከራሱ እግር ሥር፣ ፍሬን በያዘ ቁጥር አንዲት ቀጭ። ዓለምነው ሬዲዮውን ዘግቶ አዳመጠ።

ሽማግሌዎቹ ምንም አልሰሙም። ከጎኑ መሪጌታ ጌጡ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። ከኋላ ጡረተኛው መምህር ጋሽ ይሻውና የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ነጂብ ስለ ማዳበሪያ ይከራከራሉ። ሦስቱም የሚሄዱት አዲስ ዘመን ከተማ ነው፤ የእህል ነጋዴውን የአቶ ሀብታሙን ልጅ ሕይወትን ለዓለምነው ሊለምኑ።

እርግጥ ነው፣ ሚስት የሚለመንለት ሰው ራሱ ሽማግሌ ጭኖ ሲሄድ ታይቶ አይታወቅም። ወጉ ቤት ተቀምጦ ጥፍርን እየበሉ መጠበቅ ነው። ግን መኪናይቱን ከእሱ በቀር ማንም አይነዳትም፤ ማንን ሊያስነካ! አሮጌ የጣሊያን ሥራ ናት፤ ባለ አራት በር የቤት መኪና ሆና እንደ እሽቅድምድም መኪና የምትወረወር። ጎንደር አንድ ግቢ ውስጥ ዶሮ ሲያድርባት አግኝቶ ነው ያመጣት። ሞተሯን አውርዶ አድሷል፤ የጭስ መውጫ ማርሚታዋን ቀይሯል፤ ሞላዋን ዝቅ አስደርጎ ከኮረኮንች ጋር አጣልቷታል። የቢሮ ጓደኞቹ «ከእሷ ጋር ተጋብቷል» እያሉ ይቀልዱበታል። ቀልዱ አቶ ሀብታሙ ዘንድም ደርሷል። እሳቸውም «ልጄን መኪና ለሚያበር ጎረምሳ አልሰጥም» ማለታቸው በተራው ዓለምነው ጆሮ ገባ። ለዚህ ነው ፍሬኗን ሊያሻሽል የተነሳው፤ የድሮው ወጥቶ ትልቅ ዲስክ ፍሬን እንዲገባላት። ሽማግሌዎቹ «ልጁ ሰክኗል፤ ፍሬን እንኳ አስቀይሯል» እንዲሉለት።

ቀጭ።

ያን ጊዜ ጠዋቱ ትዝ አለው። መካኒኩ የሱፍ ከመኪናይቱ ሥር ቁጢጥ ብሎ፣ ዲስኩን ነክሶ የሚይዘውን ብረት እያሠረ ሳለ አስከሬን መጣ። በዚያ አገር ቃሬዛ ሲያልፍ የያዘውን ጥሎ የማይነሳ፣ ጥቂትም ቢሆን የማይሸኝ የለም፤ እስላም ክርስቲያን አይልም። የሱፍም ቁልፉን መሬት ጥሎ፣ እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ «መጣሁ» ብሎ ከለቀስተኛው ጋር ወረደ። ዓለምነው ግን አልሸኘም። ተነስቶ ቆመና ሰዓቱን አየ። ሽማግሌዎቹ ለብሰው ይጠብቁታል። መንገዱም ሰሞኑን ሲዘጋ ሲከፈት ነው፤ ዛሬ ተከፍቷል፣ ነገን ማን ያውቃል? ሥራውማ አልቋል ብሎ (ማን እንደነገረው እንጃ!) ጎማውን ራሱ ገጠመ፣ ክሪኩን አወረደ፣ ነዳ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እሱ ግን ለተረት ጊዜ አልነበረውም።

የሱፍ ሥራ ከጨረሰ ቁልፉን ጠርጎ ግድግዳው ላይ ይሰቅላል እንጂ መሬት ትቶ አይሄድም። ዓለምነው አሁን፣ ቁልቁለቱ አፍ ላይ ሲደርስ፣ ያ ቁልፍ ጎማው ሥር እንደወደቀ ታየው። ብረቱን የሚይዙት ሁለቱ ቡሎኖች በእጅ ብቻ ነው የገቡት። አልጠበቁም። 

ላቁም? ብሎ አሰበ። አቁሞስ ምን ይላል? ሲነሱ መሪጌታ ያሉትን አልረሳም፤ «ሽማግሌ ከቤቱ ከወጣ አይመለስም። ለአንዱ ልንለምን ስንሄድ መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳ፤ ገዱ ከፋ። ልጅቱን ለሌላ ዳሯት።» ሦስቱን ለማሰባሰብ ስንት ደጅ ጠንቷል። ሕይወትም ዛሬ አባቷ ቤት ተቀምጣ የመኪና ድምፅ እየጠበቀች ነው።

ስልኩ ጮኸ። የሱፍ ነው። ጥሪውን ዘጋው። መልሶ ጮኸ።

«ኧረ አንሳው ልጄ፤ የቸገረው ይሆናል» አሉ መሪጌታ።

«የቢሮ ሰው ነው የኔታ፤ ይቆየኝ።»

ድምፁን አጥፍቶ ኪሱ ከተተው። ስልኩ ግን አልተወውም፤ ጭኑ ላይ ሲንቀጠቀጥ ይሰማዋል። ዓለምነው ፍሬን ላለመንካት በከባድ ማርሽ ወረደ። ሞተሩ ያገሣል፤ መኪናይቱ ትጎተታለች።

«ምነው? ትበራለች ሲሉ አልነበር እንዴ?» አሉ ጋሽ ይሻው።

«እናንተን ይዤ አልበርም ጋሼ።»

«አያችሁ? ሰክኗል!» አሉ ሐጂ ነጂብ፣ ደስ ብሏቸው። ዓለምነው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

መኪና የሚያስቆም ሜዳ አለፈ። ከስንዴው ማሳ አጠገብ ሌላ አለፈ። «ዓለም በር ከተማ እስክንደርስ» አለ ለራሱ፤ እዚያ ሻይ ልጋብዛችሁ ብዬ አወርዳቸውና አየዋለሁ። ፈሪ ሰው ምንጊዜም የሚያምነው ቀጥሎ ያለውን ኩርባ ነው። ሦስት ሽማግሌ ጭኖ፣ የሦስቱንም ልጆችና የልጅ ልጆች በስም እያወቀ፣ አንዱን ኩርባ ጨርሶ ለሚቀጥለው ይሳላል።

ከአንደኛው ኩርባ ማዶ ገብስ የጫኑ አህዮች መንገዱን ሞልተው ጠበቁት። ፍሬኑን ረገጠ። ብረት ከብረት ተፋጨ፤ መሪው ከእጁ ተነጠቀ፤ መኪናይቱ ወደ ገደሉ ዘመመች። የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጁ ሳበ። ከመጨረሻዋ አህያ ጭራ ሥር ቆሙ።

«ተመስገን! እነዚህ አህዮች ሊፈጁን ነበር!» አሉ ጋሽ ይሻው። ሦስቱም ባለ አህያውን በመስኮት ይረግሙት ጀመር። ጥፋቱ ሁሉ የአህዮቹ ሆነ። ዝም ብሎ መንዳት ይችል ነበር። ግን ሞተሩን አጠፋ።

«አባቶቼ፣ እባካችሁ ውረዱ» አለ። «ፍሬኑ ላይ የላላ ነገር ይሰማኛል።»

ጎማውን ሲፈታ አንደኛው ቡሎን የለም። ሁለተኛው በጫፉ ተንጠልጥሏል። ሐጂ ነጂብ «ያ ረቢ!» ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። መሪጌታ አማተቡ። ቁልቁል ገደሉን አዩ፤ ከዚያ ዓለምነውን አዩት።

«መቼ ነው የሰማኸው?»

«አሁን» አለ። «አሁን፣ አህዮቹ ጋ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ዓለምነው ገዱ ከፋ እስኪሉት ጠበቀ፤ አላሉም። ወደ ወረታ የሚወርድ ሚኒባስ ሲመጣ መሪጌታ በመቋሚያቸው አስቆሙት።

«ልትለምኑልኝ ነው፣ የኔታ?»

«እዚያ ስንደርስ የምንለውን እግዚአብሔር ያውቃል» አሉና ገቡ።

ዓለምነው መልሶ ደውሎለት፣ የሱፍ ከሰዓት በኋላ በሰው ሞተር ሳይክል፣ ቡሎን በኪሱ ይዞ ደረሰ። አልተቆጣም። ተንበርክኮ ሥራውን ጀመረና ቀና ሳይል ጠየቀ።

«መጀመሪያ ስደውልልህ ይሰማህ ነበር? ድምፁ?»

«ይሰማኝ ነበር።»

የሱፍ ቡሎኑን ከኪሱ አወጣ። ዓለምነው ብረቱን ደግፎ ያዘለት። ስድብ ቢወርድበት ይሻለው ነበር።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ መሪጌታ ደወሉ። የዓለምነው እጅ ቅባት በቅባት ስለነበር ስልኩን ኮፋኖው ላይ አስቀምጦ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«ልጄ! ቀጠሮ ሰጡን! ቀጠሮ ማለት እሺ ማለት ነው!»

ዓለምነው ኮፋኖውን ተደገፈ።

«አቶ ሀብታሙ የመኪናህን ነገር አንስተው አስጨንቀውን ነበር» ቀጠሉ መሪጌታ። «እኛም ያየነውን አልደበቅንም፤ ፍሬኑ ላልቶበት ነበር አልናቸው። ፊታቸው ጠቆረ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። 'እናንተ ሰምታችሁ ነው ያቆመው፣ ወይስ ራሱ?' አሉ። እኛ ምን ሰምተን! ራሱ ነው፣ እንደ ሰማ አቆመ፣ ነፍስ የሚያውቅ ልጅ ነው አልኳቸው። ሐጂም 'ወላሂ፣ እንደ ሰማ ነው ያቆመው' ብለው ማሉልህ። በዚህ ነው እሺ ያሉት።»

የሱፍ ቡሎኑን ማጥበቁን አቆመ። ቀና ብሎ ዓለምነውን አየው።

«የኔታ…» አለ ዓለምነው።

«ወይ ልጄ።»

ሊናገር ነበር። ቃሉ አፉ ውስጥ ነበር። ከስልኩ ውስጥ፣ ከመሪጌታ ጀርባ፣ የሴቶች ሳቅ ሰማ፤ አንዷ ሕይወት ትሁን አትሁን አላወቀም።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

«እንግዲህ ዕድሜ ልክህን እንደ ዛሬው እውነተኛ ያድርግህ፤ አሜን በል።»

የሱፍ አሁንም እያየው ነው።

«አሜን» አለ ዓለምነው።