ከላይ ከላይ የተቀዳ ውኃ

ቁንጫ ቆጣሪዋ ሥራዋ ምን እንደሆነ ስትናገር የማይስቅባት ሰው የለም። ምን ታድርግ፣ እንጀራዋ እሱ ነው። የውኃ ምርመራ ቤቱ መስኮት ሥር ተቀምጣ በየብርጭቆው አሥር አሥር የውኃ ቁንጫ ትጨምራለች፤ ሁለት ቀን ጠብቃ ስንቱ እንደሚዋኝ፣ ስንቱ ከሥር እንደተጋደመ ትቆጥራለች። በዓይን ለማየት እንኳ የሚያስቸግሩ ፍጥረቶች ናቸው፤ መርዝን ግን ከሰው ቀድመው ያውቃሉ። ቅጽል ስሙን ያወጡላት አጎቷ ናቸው። ያሳደጓት እሳቸው ስለሆኑ ምን ቢሏት አይከፋትም።

አጎቷ አሳ አርቢ ናቸው። ከኩሬያቸው በላይ፣ ወንዙ ዳር፣ ከአሮጌ ኮምፒውተርና ከድምጽ ማጉያ የወጣ ማግኔት የሚፈጭ ፋብሪካ ከተከፈተ ወዲህ ሥጋት ይዟቸው ነበር። ማግኔቱ ውስጥ ብርቅዬ የሚባሉ ማዕድናት እንዳሉ፣ እጣቢውም ወንዙ ውስጥ እንደሚደፋ ሰምተዋል። ወንዙ ደግሞ ኩሬያቸውን የሚሞላ ወንዝ ነው። ስለዚህ እሜቴ የሚሏትን ትልቋን እናት አሳ፣ እንቁላል እንድትጥል ከገንዳ ወደ ኩሬ ከማውረዳቸው በፊት፣ አንድ ጠርሙስ ውኃ ይዘው ወደ እህታቸው ልጅ መጡ።

የክት ኮታቸውን ለብሰው ነበር። ውኃው ኩልል ያለ ነው።

"ጋሼ፣ ይሄማ ይጠጣል!" አለች እየሳቀች።

"ላንቺ ብዬ ነዋ" አሉ ደስ ብሏቸው።

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቀችም። ቅጹ ላይ "ናሙናውን ማን፣ እንዴት ወሰደው?" የሚል መስመር አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ቁጭ አድርጋ ታፋጥጠው ነበር። ያሳደጓትን ሰው እንደ ተከሳሽ መጠየቅ ግን አሳፈራትና "በባለሙያ፣ በደንቡ መሠረት" ብላ ራሷ ሞላችው። ቁንጫዎቹ ሁለቱንም ቀን ሲቦርቁ ዋሉ። ውኃው ንጹሕ ነው፣ እሜቴን ያውርዷት ብላ ደወለችላቸው። እሳቸውም አወረዷት።

በወሩ የአጎቷ ሚስት ደወሉ። "ነይልኝ እባክሽ፣ አጎትሽ ኩሬውን ሊደፍን ነው።"

ስትደርስ አጎቷ አካፋ ይዘው ኩሬው ዳር ቆመዋል። እሜቴ እርጥብ ጆንያ ላይ ተጋድማለች። ጠዋት ነው የሞተችው። ከጎኗ በሳህን ያለው እንቁላል ነጥቶ ሻጋታ አብቅሏል።

"ውኃው ደህና ነው ብለሽኛል" አሉ ቀና ሳይሉ። "ውኃው ደህና ከሆነ ጥፋቱ የኔ ነው። አሳ የሚያውቅ እጅ ነበረኝ፤ አሁን አርጅቷል። ገንዳ ውስጥ የቀረችውን ሌላዋን እናት አሳም ነገ ለሚችል ሰው እሰጣታለሁ።"

አርባ ዓመት የሠሩበትን እጅ በእሷ አንድ ቃል ተጠራጠሩት።

"ጋሼ፣ ያን ቀን ውኃውን እንዴት ነበር የቀዱት?"

"በባልዲ ነዋ። ደፍርሶ ነበር። ሁለት ቀን አሳረፍኩትና ጭቃው ሲዘቅጥ ከላይ ከላይ ገለበጥኩልሽ። ባልደረቦችሽ ፊት አተላ ይዤ መጥቼ ላሳፍርሽ?"

ቁንጫ ቆጣሪዋ እዚያው ኩሬው ዳር ተቀመጠች። እነዚያ ማዕድናት ውኃ ላይ አይንሳፈፉም፤ ጭቃ ላይ ተጣብቀው አብረውት ይዘቅጣሉ። የመጣላት ለእሷ ክብር ሲባል የተጣራ ውኃ ነበር። እሜቴ ግን ጎጆዋን የምትሠራው ጭቃውን በአፏ እየቆፈረች ነው።

ዝም ማለት ትችል ነበር። እውነቱን ከተናገረች፣ አክብሮታቸው ለእሜቴ ሞት ምክንያት መሆኑን ሊሰሙ ነው። ዝም ካለች ደግሞ እጃቸው እንደ በደለኛ ይቀራል።

"ቅጹ እንዴት እንደተቀዳ ይጠይቃል፣ ጋሼ። እኔ አልጠየቅኩም። እንደጠየቅኩ አድርጌ ፈረምኩ። ጭቃውን ሳልመረምር እርግጡን አልነግርዎትም፤ ጥፋቱ ግን ከኔ ነው የጀመረው።"

አጎቷ አካፋውን ጭቃው ላይ ተከሉት።

"እንዲያው... እጄ ላይሆን ይችላል ነው የምትዪው?"

"እጅዎ አይመስለኝም።"

ፊታቸውን ወደ ዛፎቹ አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየች፤ እንዳላየች ሆና ጫማዋን አውልቃ፣ ጠርሙሷን ይዛ ኩሬው ውስጥ ገባች። ከሥሩ ጭቃውን ከነውኃው ዛቀች። ቢሮ ስትመለስ ቅጹ ላይ "እኔ፣ በራሴ እጅ፣ ከነጭቃው" ብላ ጻፈች። የፊተኛው ውጤት በእሷ ጥፋት ውድቅ መሆኑንም ለኃላፊዋ ጽፋ ሰጠች። ኃላፊዋ አንብቦ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

በሁለተኛው ቀን አጎቷ መጡ። ኮት የለ፣ ምን የለ፤ ቦት ጫማቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው፤ ዘበኛው እያጉረመረመ ወለሉን እያበላሹ ገቡ። ብርጭቆዎቹ ላይ አጎንብሰው አብረዋት ቆጠሩ። ለማነጻጸሪያ በተቀመጠው ንጹሕ ውኃ ያሉት ይቦርቃሉ። ከኩሬው በመጣው ውስጥ አንድም የሚንቀሳቀስ የለም።

"ምስኪኖች" አሉ አጎቷ።

ወዲያው ቀና ብለው መዳፋቸውን ገለጥ አድርገው አዩት፤ የሰው እጅ ያዩ ይመስል አገላብጠው አዩት።

"ገንዳ ውስጥ ያለችውን" አሉ፣ "ለማንም አልሰጣትም።"