ሦስተኛው ፎቅ ሰው አለበት

አዛዡ ነገሩን በአጭሩ ነበር የቋጩት። የጦር ማማው ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ የተከበበችው ከተማ ቅጥር ላይ ይደርሳል፤ ካልደረሰ አናጢው ራሱ በድንጋይ ወንጫፊው ተጭኖ ይደርሳል።

አናጢው ቀና ብሎ ማማውን አየ። ማማውን የሠራው እሱ ነው፦ ባለ መንኮራኩር፣ ባለ ሦስት ፎቅ፣ አናቱ ላይ ወታደር ወደ ቅጥሩ የሚሻገርበት ተጣጣፊ ድልድይ ያለው። ሥራው እንከን የለበትም። እንከኑ ሰው ነው። ከበባው ሁለት ክረምት ሲያስቆጥር፣ ድንኳኑ ያፈሰሰበት የወታደር ቤተሰብ ሁሉ አንድ በአንድ እየገባ ሰፍሮበታል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ደግሞ አማቱ አሉ።

"እማማ! ዛሬ ውጊያ አለ፣ ይውረዱ!"

አማቱ በቀስተኞቹ መስኮት አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። "ልብስ አስጥቼ የት ልውረድ?"

"ማማውን ያለበስኩት እርጥብ ቆዳስ የት ሄደ? እሳት እንዳይበላው ነበር እኮ!"

"ሸተተኝ፣ ጣልኩት! ልጄን ላንተ የሰጠሁት ቤት ይሠራል ብዬ እንጂ ቄራ ውስጥ ሊያኖረኝ ነው?"

ፀሐይዋ አልጠበቀችም። አናጢው የመጣው ይምጣ ብሎ ወታደሮቹን አስገፋ። ማማው እየተንገጫገጨ ተነሣ። ከአንደኛው ፎቅ አንዲት ሴት "ቀስ በሉ እንጂ፣ ሰው ተኝቷል!" ብላ ገፊዎቹን ሰደበች። ከቅጥሩ የእሳት ቀስት እንደ በረዶ ወረደ፤ ግን በቆዳው ቦታ የተሰጣው ያልተጨመቀ አንሶላ ላይ እየተሰካ ፍሽሽ ብሎ ጠፋ። "አንሶላዬን!" አሉ አማቱ። ከዚያ ያወረዱት እርግማን የቅጥሩን ቀስተኞች ለአፍታ እጃቸውን አሰበሰባቸው።

ድልድዩ ቅጥሩ ላይ ወረደ። የተሻገረ ወታደር ግን የለም፤ ደረጃው በአልጋና በእንስራ ተዘግቶ ሁሉም ታች ቀርቷል። ማዶ አንድ የጠላት ዘበኛ ጋሻውን ዝቅ አድርጎ ወደ ውስጥ አጮለቀ።

"እትዬ፣" አለ በትሕትና፣ "ከተማው ውስጥ ተደራርበን ነው የምንተኛው። አንድ ጥግ አይጠፋም?"

"እግርህን ጠርገህ ግባ፣" አሉት የአናጢው አማት።

እሱ ገባ፤ ሚስቱ ገባች፤ የሚስቱ እናት ገባች። ታች አዛዡ ደማቸው ፈላ።

"አንተ! ከተማዋን ያዝን ወይስ ተያዝን?"

"ጌታዬ፣ ያዘዙኝ ማማው ቅጥሩ ላይ እንዲደርስ ነው። ደርሷል።"

አዛዡ ወደ ወንጫፊው ዞሩ። "ወንጫፊው ይዘጋጅ!"

ያኔ ከማማውም ከቅጥሩም ጩኸት ተነሣ። አናጢውን ከወነጨፉት ለአዲስ ገቢዎቹ አራተኛውን ፎቅ ማን ሊሠራ ነው? ሁለቱ ጦሮች በአንድ ቃል ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

አዛዡ ዙሪያቸውን አዩ። የወንጫፊውን ገመድ የሚስብ አንድም ሰው የለም፤ ሁሉም ሳንቃ ተሸክሞ ወደ ማማው ይሮጣል። ወደ አናጢው ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"አራተኛው ላይ፣" አሉ፣ "ነፋስ አይበዛም?"