ነጥብ ያለበት አይቆጠር

የማዕረግ ተመራቂዎች ዝርዝር የተለጠፈው ተሳስቶ ነው። የተሳሳተችው ደግሞ ዝርዝሩን ያዘጋጀችው የሬጅስትራር ሠራተኛ ራሷ ናት። ይህን ያወቀችው ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ተመራቂዎች ከማስታወቂያ ሰሌዳው ጋር ፎቶ ሲነሱ በመስኮት እያየች ነበር። ምረቃው ነገ ነው።

ተማሪዎች «አስቸኳይ» ይሏታል። ሬጅስትራር ቢሮ በሠራችባቸው ሦስት ዓመታት ከአፏ ጠፍቶ የማያውቅ ቃል ነው። መስኮቷ ጋ ቆሞ ወረቀቱን ከቦርሳው የሚፈልግ ሰው ሲያጋጥማት እግሯ ከጠረጴዛው ሥር ወለሉን ይደበድባል።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መስኮቱን ያንኳኳችው ግን ወረቀቷን በእጇ ይዛ ነበር። ከሌሎቹ በዕድሜ ጠና ያለች፣ መድኃኒት ቤት እየሠራች የተማረች የኬሚስትሪ ተመራቂ ናት። ኮርሶቿን በሙሉ በእስክሪብቶ ጽፋ፣ የእያንዳንዱን ውጤት በክሬዲቱ አባዝታ፣ ደምራ አካፍላለች። መጨረሻው 3.52 ይላል። ኮምፒውተሩ የሚለው 3.48 ነው። ለማዕረግ የሚያስፈልገው 3.50።

«ከተሳሳትኩ ንገሪኝና ልሂድ» አለች ሴትዮዋ። «ካልተሳሳትኩ ግን ዛሬ ይታረም። ከነገ በኋላ ምን ያደርግልኛል?»

አስቸኳይ ከሰዓት ተመለሺ ብላ ሸኘቻት። ከዚያ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋ፣ ማስመሪያ እያንሸራተተች አንድ በአንድ አመሳከረቻቸው። ስድስት ኮርሶች ሴትዮዋ ጋ አሉ፣ ኮምፒውተሩ ስሌት ውስጥ የሉም። ስድስቱም ላብራቶሪዎች ናቸው። ሴትዮዋ በስድስቱም ኤ አላት። ስድስቱም አንድ ነጥብ አምስት፣ አንድ ነጥብ አምስት ክሬዲት ናቸው።

ተነሳች፣ ቁጭ አለች፣ ደግሞ ተነሳች። ባለፈው ወር ጡረታ የወጡት መዝገብ ያዥ ከመሄዳቸው በፊት በመዝገቡ ሽፋን ላይ በቀይ የጻፉላት ማስታወሻ ነበር፤ «ነጥብ ያለበት አይቆጠር» ይላል። ሰውየው ሊያብራሩ ሲሉ ገብቶኛል ብላ አቋርጣቸዋለች። የገባት ሙሉ ቁጥር ያልሆነ ክሬዲት ለማዕረግ እንደማይቆጠር ነው። ስለዚህ 1.5 የሚለውን ሁሉ ከስሌቱ አወጣች።

ደወለችላቸው።

«ጋሼ፣ ነጥብ ያለበት አይቆጠር ያሉኝ ምኑን ነው?»

«የእርሳስ ነጥቡን ነዋ» አሉ። የሆነ ነገር እያኘኩ ነበር። «ተማሪው ኮርስ ሲደግም ከድሮው ውጤት ጎን በእርሳስ ነጥብ አደርጋለሁ። እሱ ይቅር፣ አዲሱ ይቆጠር ለማለት። ምነው?»

«ምንም።»

«አንቺ ምንም ስትዪ ነው እኔ የምፈራው» አሉና ሊስቁ ሲጀምሩ ስልኩን ዘጋችው።

ማረሙ ደቂቃም አልፈጀ፤ የተደገሙትን ኮርሶች ኮምፒውተሩ ድሮም ራሱ ይጥላቸዋል። በግማሽ የሚሄድ ክሬዲት ያለው ኬሚስትሪ ክፍል ብቻ ስለሆነ፣ ከአርባ አንዱ ስም የተነካው አንድ ነው። የመድኃኒት ቤቷ ሴት በ3.52 ትገባለች። አንዷ ከ3.51 ወደ 3.47 ወርዳ ትወጣለች። የምትወጣዋ ላብራቶሪ የማትወድ፣ በስድስቱም ቢ ያላት ልጅ ናት፤ ሚጡ፣ የአስቸኳይ ታናሽ እህት።

ዝርዝሩ ከተለጠፈ ገና አንድ ቀን ነው፤ እናታቸው ግን ለዘመድ አዝማዱ ደውላ ጨርሳ፣ አኩርፋቸው ለነበረች አክስታቸው ሳይቀር ነግራለች። ትምህርት ክፍሉ ሚጡን በረዳት መምህርነት ሊያስቀራት ቃል ገብቷል፤ ቦታው ግን ለማዕረግ ተመራቂ ብቻ ነው። ሌላ ሥራ መፈለጉን ትናንትና ትታዋለች።

አስቸኳይ ወደ ሬጅስትራሩ ኃላፊ ቢሮ ገባች። የአዳራሹን ወንበሮች የጫነው መኪና ስላልደረሰ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ ቆሞ ነበር። እንደቆመ ሰማት። የተለጠፈ ዝርዝር አይቀነስም፣ መሳቂያ ያደርገናል አለ።

«ሴትዮዋን ጨምሪያት። ማንንም አትቀንሺ። አርባ ሁለት ይሁኑ፤ ማን ይቆጥራል?»

«መዝገቡ አለ እኮ።»

«መዝገቡን የያዝሽው አንቺ ነሽ» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስለ እህትሽ ደግሞ እኔ አንድም ቃል አልተናገርኩም። ልብ በዪልኝ።»

ወደ ቢሮዋ ስትመለስ ሚጡ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ትሽከረከራለች። የምረቃ ጋዋኗን ለብሳለች፤ ጠርዙ ታጥፎ በስፒል ተይዟል። ርዝመቱን እንድታይላት ነበር የመጣችው።

«አጠረ አይደል? ተመራቂ ሳይሆን ፀጉር አስተካካይ ነው የምመስለው።»

አስቸኳይ ነገር ማለዘብ አታውቅበትም። ኮምፒውተሩን ወደ እህቷ አዞረችና ላብራቶሪዎቹን ሳትቆጥር እንደቀረች፣ ሲቆጠሩ ስንት እንደሚሆን ነገረቻት። ሚጡ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ካልኩሌተሩን ሳብ አድርጋ ራሷ አሰላች። 3.47። ደገመችው፤ በሁለተኛው ቁልፎቹን የምትጫነው በዝግታ ነበር።

«ማን ያውቃል?»

«ኃላፊው። እሷን ጨምሪ፣ ማንንም አትቀንሺ ብሎኛል።»

«ታዲያ ምን ያስቸኩልሻል?»

አስቸኳይ ፕሪንተሩን አበራች።

«አንቺ ስንት ነበር ያመጣሽው?» አለች ሚጡ። «ሦስት ነጥብ አርባ ዘጠኝ። ማንም አልጨመረልሽም። የዚያን ንዴት ዛሬ በእኔ ልትወጪው ነው።»

አይደለም ልትል ፈለገች። ሙሉ በሙሉ አይደለም ማለት ግን አልቻለችም። ያን ጊዜ በዚሁ መስኮት፣ ከውጭ በኩል ቆማ ለምናለች፤ አንዲት መቶኛ ጨምረው ቢሰጧት ኖሮ ዓይኗን ሳታሽ ትቀበል ነበር። ያልተቀበለችው የሚሰጣት ስላጣች ብቻ ነው። አሁን ሰጪዋ እሷ ናት። የሴትዮዋ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ ነው፤ የስሌቱ ማካፈያ ሦስት ጊዜ ተሠርዞ ሦስት ጊዜ ተጽፏል። አርባ ሁለት ብላ ብትለጥፍ ሴትዮዋ ማዕረጓን አታጣም። ረዳት መምህርነቱ ግን አንድ ቦታ ነው፤ ክፍሉ አስቀድሞ የመረጠው ደግሞ ሚጡን ነው።

አዲሱ ዝርዝር ወጣ። አርባ አንድ ስም። ከታች «ያዘጋጀው» በሚለው መስመር ላይ ፈረመች፣ ከጎኑም የቀድሞው ዝርዝር በእኔ ስህተት የተለጠፈ ነው ብላ በእጅ ጻፈች።

«ለእማዬ አንቺ ነሽ የምትነግሪያት» አለች ሚጡ። ጎንበስ ብላ ስፒሎቹን ከጋዋኑ ጠርዝ አንድ በአንድ እየነቀለች ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች።

«እነግራታለሁ።»

«ዛሬ።»

«ዛሬ።»

አስቸኳይ ከመሳቢያው ፕላስተርና መቀስ አወጣች። አዲሱን ዝርዝር ይዛ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች። የሚጡ ጋዋን ተለቆ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ወርዷል።

«አላጠረም» አለቻት።

«ሂጂ በቃ፤ አስቸኳይ አይደለሽ?» አለች ሚጡ፣ ቀና ሳትል።

የቢሮው በር ካልተነሳ አይገጥምም። እጀታውን ይዛ ትንሽ ከፍ አደረገችና ዘጋችው።